ወታደሩ በበሩ አልገባም

ድራፍትስማን፣ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ነኝ። ስኬል፣ ትልቁን ነገር በልክ አሳንሶ መሣል፣ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ። ግን እኔ ስጀምር አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ባሕር ዳር ቤቴ ተቀምጬ ማንም የማይገባበት የካርቶን ከተማ አልሠራም ነበር።

መጀመሪያ ለማያውቁት። ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የጦርነት ጨዋታ አለ። ትንንሽ ወታደሮች፣ ሜትርና ዳይስ ነው የሚፈልገው። ወታደርህን ስንት ሳንቲሜትር እንደምታራምድ በሜትር ትለካለህ፤ ተኩሱ ይምታ አይምታ ዳይሱ ይነግርሃል። ሥሩ የፕሩሲያ ጦር በ1824 እ.ኤ.አ. ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ የተቀበለው ጨዋታ ነው። «የልጅ ነገር» ለሚለኝ ሁሉ ይህን እነግረዋለሁ። አያቶቻችን ሠንጠረዥ ሲጫወቱ ማን ልጅ ናችሁ አላቸው?

የእኔ ጦርነት የ1933 ዓ.ም. ጎጃም ነው። አርበኞች፣ ጣሊያን፣ በሱዳን በኩል የገባው የእንግሊዞች ትንሽ ጦር። ከተማዋ የምናብ ከተማ ናት። ግማሹን ጎንደር ፒያሳ ካሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ወሰድኩ፤ ግማሹን ልጅ ሆኜ ካደግኩባቸው የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች። በድምሩ 14 ቤት።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ግድግዳው ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎምና ከወፍራም ካርቶን ነው። መቁረጫው ከተር፤ ምላጭ አትሰስቱ፣ የደነዘዘ ምላጭ ፎሙን ይቦጫጭቀዋል። ማጣበቂያ ነጭ ኮላ ብቻ። ማስቲሽ ፎሙን ይበላዋል፣ የሚረጭ ቀለምም እንደዚያው። ቀለሙ ተራ የግድግዳ ቀለም፣ በውሃ የሚበጠበጠው። በቪዲዮ የሚያስተምሩት ፈረንጆች ከቀለም በፊት የሚቀባ ልዩ ፕራይመር ካልገዛችሁ አይሆንም ይላሉ። አትስሟቸው። የግድግዳ ቀለም ላይ ትንሽ ኮላ ጣል አድርጉበት፣ በቃ። ከተማዋ የምታርፍበት መደብ ኮምፔንሳቶ ነው፤ 120 በ180 ሳንቲሜትር አስቆርጬ አመጣሁ።

በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ግን ልኩራ። ካርቶን አንዱን ፊት በእርጥብ ጨርቅ አርሰው ሲልጡት ውስጡ ያለው ሸንተረር ይወጣል። የተራ ካርቶን ሸንተረር በጣም ሰፊ ነው፤ ቆርቆሮ ሳይሆን የታረሰ ማሳ ይመስላል። የአምፖል ማሸጊያው ውስጥ ያለው ቀጭኑ ነው የሚሆነው። የሰፈሬ ባለ ሱቅ «ባዶ የአምፖል ካርቶን ካለህ» ስለው መጀመሪያ እንዳበድኩ ነበር የቆጠረው፤ አሁን ሳልጠይቀው ያስቀምጥልኛል። ለመንገዱ አፈር የቡና አተላ ተጠቀምኩ። በደንብ አድርቁት። እኔ እርጥቡን ለጥፌ በሳምንቱ ዋናው መንገዴ ነጭ ጺም አበቀለ።

ክረምቱም አለ። ሐምሌ ላይ ጣና ዳር ተቀምጦ ካርቶን በኮላ ማጣበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱን ፊት ብቻ ኮላና ቀለም የቀባሁት ግድግዳ ሲነጋ እንደ ታንኳ አፍንጫ ሽቅብ ጎብጦ አገኘሁት። መድኃኒቱ ሁለቱንም ፊት መቀባት ነው። ከዚያ እስኪደርቅ የወፍጮ መጅ ይጫንበት። እናቴ መጁን ፍለጋ ሁለት ቀን ቤቱን አተራመሰችው፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ወታደሮቹን ከውጭ አገር አዘዝኩ። 40 ፍሬ፣ የብረት፣ «28 ሚሊሜትር» የሚባሉት። ሰኔ ላይ ዕቃህ ደርሷል ተባልኩና ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ይቅርብኝ። ወጣቱ ሠራተኛ ሳጥኑን እፊቴ ከፈተና አንዱን ወታደር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ስቴፕለሩ አጠገብ አቆመው።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«መጫወቻ።»

«የልጅዎ?»

«የእኔ።»

ቀና ብሎ ሽበቴን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። «ወታደር ይላል» አለኝ። አዎ፣ ወታደር ይላል። «ብረት ይላል።» አዎ። ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ከማን? ከሚመለከተው አካል። የሚመለከተው አካል ማን ነው? «እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ አንድ ቀን መብራት የለም፤ አንድ ቀን ሲስተም የለም። ሁለት ወር ከምናምን ካለፈ በኋላ፣ በሰባተኛው፣ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ሳይጠይቀኝ በአምስት ደቂቃ ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ተናደድኩ።

ግን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ያ ወታደር ስቴፕለሩ አጠገብ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሟል። እኔ ደግሞ ከሥራ ነበር የሄድኩት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ማስመሪያ ነበር። ማስመሪያ! ማውጣት፣ ከአጠገቡ ማቆም፣ ቁጥሯን መጻፍ። ከልካይ አልነበረም። እኔ ግን መብቴን አስከብር ነበር።

ቤት ገብቼ ግን ምን አደረግኩ? ዕቃው እስኪለቀቅ ለምን እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ አልኩና በስሌት ጀመርኩ። ሰው 1.70 ሜትር ቢሆን፣ ምስሉ 28 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ስኬሉ 1 ለ60 ይወጣል፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 60 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የ2.10 ሜትር በር 35 ሚሊሜትር። ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር፣ ስለዚህ 15 ሚሊሜትር። የደረጃ መርገጫ 30 ሳንቲሜትር፣ ስለዚህ 5 ሚሊሜትር። ፕላን አወጣሁ፣ ኤሌቬሽን (የፊት ገጽታውን) አወጣሁ፣ ሴክሽን (ቤቱ ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ) ሳይቀር። ለደንበኛ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ፖስታ ቤቷን ብታዩዋት! ቅስት መስኮቶች፣ ቢጫ ግድግዳ፣ 11 እርከን ያላት የውጭ ደረጃ፣ እያንዳንዷ እርከን 5 ሚሊሜትር፣ በምላጭ የተቆረጠች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሳጥኑን ይዤ ገባሁ፤ ወታደሮቹንም መቆሚያቸው ላይ ለጠፍኩ። የእህቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንዱን ወታደር አነሣና ወደ ፖስታ ቤቷ በር አስጠጋው። አልገባም። በጎን ሞከረው። አልገባም። ጭንቅላቱ ከጉበኑ በላይ ነበር።

«አጎቴ፣ ይኼ የማን ቤት ነው?» አለኝ። «የሕፃናት ነው?»

ያኔ ነው ማስመሪያ ያወጣሁት። የገባኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች «28» ሲሉ ከእግር እስከ ዓይን ነው የሚለኩት፤ እስከ አናት አይደለም። ከነቆቡ 33 ሚሊሜትር ሆነ። ስር የሚለጠፍበት ክብ መቆሚያ 3 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ 36። በሬ 35 ነው። አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን ጉበኑን ፍቄ እገላገል ነበር። መቆሚያው ግን 25 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በሬ 15። ደረጃዬ 5! 11 እርከን ላይ አንድ ወታደር የሚቆምበት ቦታ የለም። ክፍሎቹም በስሌት ልክ ናቸው፣ 5 በ6.7 ሳንቲሜትር፤ ሁለት ወታደር ካስገባችሁ ጣታችሁ አይገባም።

የሚያናድደው ስሌቱ ልክ መሆኑ ነው። አሁንም ብትሰጡኝ ያንኑ ቁጥር አወጣለሁ። ግን ምስሎቹ ራሳቸው በስሌት የተሠሩ አይደሉም። ከሩቅ እንዲታዩ ተብሎ ጭንቅላታቸው፣ እጃቸው፣ ጠመንጃቸው ተልቋል። ሰው ሳይሆኑ የሰው ምልክት ናቸው። ቤቱም የቤት ምልክት መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን ቤት ሠራሁ።

ብዙ መመሪያዎች «1 ለ56 ተጠቀሙ» ይላሉ። እሱም ቢሆን አያድናችሁም፤ የ2 ሜትር በር 36 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው፣ ስፋቱም 16 ላይ ይቀራል። የእኔ ምክር ስኬሉን እርሱት ነው። መጀመሪያ አንድ ወታደር ከነመቆሚያው እጃችሁ ይግባ። አንድ ብቻ። ካልመጣ ጣሪያ ሥሩ፣ ዛፍ ሥሩ፣ የአርበኞቹን ጋቢ አሠራር ተለማመዱ (የሶፍት ወረቀት ኮላ ውስጥ ነክሮ ማልበስ ነው፣ ያምራል)፤ በር ግን አትቁረጡ። ሲመጣ በሩን 45 በ30 ሚሊሜትር አድርጉት። ወረቀት ላይ የጋራዥ በር ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ማንም አያስተውለውም። የአንድ ፎቅ ከፍታ ቢያንስ 6 ሳንቲሜትር፣ ክፍል ቢያንስ 10 በ10። ጣሪያ በኮላ አይጣበቅ፣ ተነሺ ይሁን፤ ቤቱ ውስጥ የሚገባው የእናንተ እጅ ነው።

14ቱን ቤቶች ምን አደረግኳቸው? ከስምንቱ በሩን እንደ አዲስ ቆረጥኩ። የውስጥ ግድግዳቸውንም ነቀልኩ፣ አንድ ክፍል ሆኑ። አምስቱን አፈረስኳቸው፤ በአውሮፕላን የተደበደቡ ናቸው ብዬ ጣሪያቸውን ቦድሼ ግማሽ ግድግዳቸውን ገነጠልኩ። የፈረሰ ቤት በር አያስፈልገውም። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚያምሩት እነሱ ሆኑ፣ ይህንንም ስጽፍ ያመኛል። ፖስታ ቤቷን አልነካኋትም። አልቻልኩም። ፍሪጁ ላይ ናት፣ ማንም አይጫወትባትም።

በቀደም ሁለተኛ ሳጥን መጣልኝ። ሄድኩ። ያው የመጀመሪያው ልጅ ነው ወንበሩ ላይ ያለው። ሳጥኑን ከፈተ፣ አንዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመ፣ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ማስመሪያዬን ከቦርሳ አወጣሁና ከወታደሩ አጠገብ አቆምኩ። 33።

ልጁ ማስመሪያውን አየ፣ ወታደሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ምነው ጋሼ» አለኝ፣ «አንሷል እንዴ?»