ሦስተኛ ዓመት ከጫካዬ ጋር፦ ለአጋዘን ብዬ መጋዝ አነሳሁ

ጫካውን ከገዛሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። 18 ኤከር፣ ምዕራብ ቨርጂኒያ፣ ሃምፕሻየር ካውንቲ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አጋዘን የሚመላለስበት ቦታ ማድረግ። (የኛው የደጋ አጋዘን ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። የኛው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ የዚህ አገሩ ወንድ በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል።)

የመጀመሪያው ዓመት ከንቱ ልፋት ነበር። ኦክ የሚባለውን፣ ፍሬውን አጋዘን የሚወደውን ዛፍ 30 ችግኝ ተከልኩ። ዛፍ መትከል ጽድቅ፣ መቁረጥ ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው ሌላ ምን ይታየዋል? በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀረልኝ እንጨቱ ብቻ ነው። በቆሎ ልበትን ስል ደግሞ ጎረቤቴ አስቆመኝ። አጋዘንን አክስቶ የሚገድለው የአንጎል በሽታ እዚህ ካውንቲ በ2005 ተገኝቷል። በምራቅ ይተላለፋል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ መመገብ ክልክል ነው።

በሁለተኛው ዓመት የደን ባለሙያ ጠራሁ። ዞር ዞር ብሎ አየና «ላዩ አሪፍ፣ ታቹ ባዶ» አለኝ። እውነቱን ነው። ዛፎቹ እኩያ ናቸው፣ ቅርንጫፋቸው ገጥሟል፣ ፀሐይ መሬት አይደርስም። አጋዘን አንገቱን ቢዘረጋ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። የሚበላው ሁሉ ከሱ በላይ ነበር።

ዘንድሮ ፌብሩዋሪ ላይ የሞተር መጋዝ አነሳሁ። ስድስት ነጭ ኦኮች መርጬ ዙሪያቸውን የሚሻሟቸውን ዛፎች ቆረጥኩ። ነጭ ኦክ የተመረጠው ፍሬው ከቀይ ኦክ ያነሰ ስለሚመር ነው፤ አጋዘኖቹም መጀመሪያ እሱን ይለቅማሉ። የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ ሆዴ ባባ፣ አልዋሽም።

በዚያው ሞቅታ አንድ አይላንተስ የሚባል መጤ ዛፍ ገነደስኩ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ምን እንደሚያደርግ እያወቅኩ! ሰኔ ላይ ከሥሩ አርባ ምናምን ቡቃያ ተነሳ። እሱን መቁረጥ ሳይሆን በክረምቱ ማብቂያ፣ ኦገስት ገደማ፣ ግንዱን ጫር ጫር አድርጎ ፀረ አረም መጨመር ነው መፍትሔው። ያኔ መድኃኒቱን ወደ ሥሩ ይስበዋል።

ብርሃኑ በገባበት ቦታ ክብ የሽቦ አጥር አቁሜ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። አጥሩ ውስጥ የጥቁር እንጆሪውና የሜፕል ዛፉ ቡቃያ ጉልበቴ ደርሷል። ከአጥሩ ውጪ ያለው ቁርጭምጭሚቴን አላለፈም፤ ጫፉም ተቦጫጭቋል። ጥንቸል ቢሆን በምላጭ እንደተቆረጠ ያደርገው ነበር። አጋዘን ግን እንደ ላም የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ነክሶ ይጎትታል።

ማለትም ምግቡ ቢመጣም በላተኛው በዝቷል። በኖቬምበር ጎረቤቴ አደን ወጥቶ ሁለት ሴት አጋዘን እንዲገድል ፈቅጃለሁ። እማዬ ዛፍ መቁረጤን ሰምታ ስልኩ ላይ «ምነው ልጄ?» ብላኛለች። ይሄኛውን ገና አልነገርኳትም።