ዓሣ ለፋሲካ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ይህን የምጽፍላችሁ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። የቀዳም ሹር ቄጠማ ገና ከግንባሬ አልወረደም። ከጓዳ የእናቴ ዶሮ ወጥ ይሸታል፤ ልጆቹ በእንቁላሉ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ። ተመስገን ነው። "በሰላም" የምትለዋን ቃል እኛ ባሕር ዳሮች ዘንድሮ ጠበቅ አድርገን ነው የምንላት። ከደጅ የወጣ ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ያምጣልን።

እኔ ለዚህ ንጋት የበቃሁት በአንድ ሽማግሌ ነው። ዛሬ ማልደው ደውለው "እንኳን አደረሰህ" ሊሉኝ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሦስት አብሮ አደጎች ዓሣ ልናጠምድ ወጣን። አንዱ መምህር፣ አንዱ የባጃጅ ሾፌር፣ ሦስተኛው እኔ። ሥራችን አይደለም፤ ከልጅነታችን የቀረ ፍቅር ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ከደብረ ማርያም ደሴት ወዲህ፣ ጠዋት የጣልነውን መረብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስንስብ ከድንጋይ ጋር ተያይዞ እምቢ አለን። ከሦስታችን ዋና የምችለው እኔ ስለሆንኩ ልብሴን አውልቄ ገባሁ።

ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ በጣም በሚጠልቅበት እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እኛ የነበርንበት ደግሞ ከቁመቴ እጥፍ አይበልጥም። ነገር ግን ደለል ያዘለ ውኃ ስለሆነ ከሥር ዓይንን መግለጥ ብዙም አይጠቅምም። መረቡን በእጄ እየዳበስኩ ወረድኩ። የተያዘ ቀረሶ ዓሣ የእጄን አንጓ በጅራቱ ይመታኛል። ድንጋዩን አግኝቼ ክሩን ሳላቅቅ ውኃው ደረቴን ገፋኝ። ወዲያው አንድ ወፍራም ድምፅ ጎድኔ ውስጥ ገብቶ ተርገበገበ። ቡናማው ውኃ ጠቆረ። ከፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ በምነካው ርቀት፣ አንድ እግር ጭቃውን ረገጠ። አጭር፣ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ባለ አራት ጣት እግር። ጭቃው እንደ ጭስ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሌላው እግር ተከተለ። ጉማሬ እንደ ዓሣ እንደማይዋኝ፣ ወለሉን እየረገጠ እንደሚሄድ በወሬ አውቅ ነበር። ከ1,000 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ ያን ያህል በዝግታና በጸጥታ ከሰው አጠገብ ያልፋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ብቅ ስል ጀልባችን በነፋስ ተገፍታ ርቃለች፤ ጓደኞቼ ስሜን እየጠሩ ይጮኻሉ። ጉማሬዋ በእኔና በእነሱ መካከል ራሷን አወጣች። ከኋላዬ ደግሞ፣ ከደንገሉ ሥር፣ ግልገሏ አለ። በእናትና በልጅ መካከል ገብቻለሁ።

"ዝም በል! አትንፈራገጥ!"

አባባ ነበሩ። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። የደንገል ታንኳቸውን በቀርከሃ መቅዘፊያ እየገፉ በእሷና በእኔ መካከል አስገቧት፤ በጎን በኩል ወደ ልጇ የሚወስዳትን መንገድ ግን አልዘጉባትም። የታንኳዋን ጠርዝ ያዝኩ። ደንገሉ ርሶ በጣቶቼ ሥር ይሰረጉድ ነበር። ጉማሬዋ አፏን ከፈተች፤ ጥርሷን አየሁት። ከዚያ ሰጠመች። የአረፋው መስመር በጎናችን አልፎ ወደ ደንገሉ ሲሄድ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ተከተልነው።

"ልጇን ነው የፈለገችው፤ ከአንተ ምን አላት?" አሉኝ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውኃ በአፋቸው አልዞረም። ረመዳን ነበር። ዘንድሮ የእኛ ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ የእነሱ ጾም ደግሞ በአምስት ቀን ልዩነት ተከተለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቤታቸው ደጃፍ አብረናቸው ተቀመጥን። በቴምርና በውኃ አፈጠሩ፤ ልጃቸው ቀረሶ ጠብሳ በአንድ ትሪ አቀረበችልን። ስለ ዓሣና ስለ ጾም ያለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። የማውቀው አንድ ነገር አለ፦ በዓል በመጣ ቁጥር የእርድ ነገር ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞችን በየማዕዳችን ያስቀምጠናል፤ ዓሣ ግን የማንንም ቢላዋ አይጠይቅም። አራት ሰዎች እጃችንን ከአንድ ትሪ ሰደድን።

አባባ በጣና ዳር ታንኳ እየሠራ፣ ዓሣ እያጠመደ የኖረው የነገደ ወይጦ ሰው ነበሩ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከታንኳ ሠሪዎቹ ደንገልና ዓሣ ትገዛ ነበር፤ ውኃ ስትሰጣቸው ግን በተለየ ጣሳ ነበር። ጉማሬ ይበላሉ፣ አምባዛ ይበላሉ ተብሎ ስንት ትውልድ ከማዕድ ተገለሉ። ያንን ጣሳ እኔም በልጅነቴ አቀብዬበታለሁ። ያን ዕለት ማታ ለአባባ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ "አያቶቼ እውነትም ጉማሬ ያድኑ ነበር። የእሷን ጠባይ ለእኔ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" ብለው የዓሣውን ወፍራም ጎን ወደ እኔ ገፉልኝ።

ስንለያይ ለፋሲካ እመጣለሁ አልኳቸው። "ያኔማ ዶሮ እያለልህ ዓሣ ማን ይበላል?" ብለው ሳቁ። እበላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ዒድን ከልጆቻቸው ጋር አክብረው በሳምንቱ አረፉ። ሲያስቸግራቸው የኖረው የደረት ሕመም ነው አሉን። ለቀብር ስንሄድ ታንኳቸው ከግድግዳው ጋር ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ከሥሯ ውኃ አሁንም ይንጠባጠባል። ያቺን ጠብታ እያየሁ አለቀስኩ።

እንግዲህ የዘንድሮ ምስጋናዬ ሰዎቹ የታወቁ ናቸው። ዋና ሳይችል እኔን ፍለጋ ዘሎ ሊገባ ሲል መምህሩ በወገቡ የያዘው የባጃጅ ሾፌር ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ። ይዘህ ያስቀረኸው መምህር፣ አንተ ባትኖር ሁለት ነበርን። እርጥብ ሰውነቴን በራሷ ነጠላ ያለበሰችኝ የአባባ ልጅ፣ እህቴ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ?

ለእናንተ ደግሞ ከምኞት ጋር ልመና አለኝ። በሁዳዴ ስንጋፋበት የከረምነው የዓሣ ገበያ ከነገ ጀምሮ ይቀዘቅዛል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ዓሣ የሚያስታውስ የለም፤ እነዚህ 50 ቀናት በሐይቁ ዳር ላሉ ቤቶች ረጅም ናቸው። ከሥጋው መካከል አንድ ቀን ለዓሣ ስጡ። ግዙ ብቻ አልልም፤ ከጠበሱት ሰዎች ጋር ተቀምጣችሁ ብሉ። መረብ የምትጥሉ ወንድሞቼም፣ ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣው ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ የወንዞቹን አፍ አትዝጉበት። አባባ መንገድ አይዘጉም ነበር።

እናቴ ለቁርስ እየጠራችኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወደ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ልጃቸው ትናንት ማታ ደውላ "ቀረሶው ስንት ይሁን?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። አራት ይሁን አልኳት።