ካፓ 0.52
የመጨረሻ ዓመት ላይ በሚዲያ ጥናት የማዕረግ ጥናት ልሠራ ስነሳ ርዕሴ «ሚዲያ በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነበር። አዎ፣ በቃ ይኸው። አማካሪዬ «የትኛው ሚዲያ? የትኞቹ ወጣቶች?» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝና ማኮምስና ሾው የሚባሉ የሚዲያ ተመራማሪዎችን አነሱልኝ። ሰዎቹ የአጀንዳ ቀረጻን (ሚዲያ ሰው የትኛውን ጉዳይ ትልቅ ብሎ እንዲያይ ያደርጋል የሚለውን) ጥናት የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት፣ በአንዲት ከተማ፣ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 ሰዎችን ጠይቀው ነው። 100 ሰው! እኔ ደግሞ የዓለምን ወጣት በአንድ ሴሚስተር ልጨርስ።

አጠበብኩት። 120 የጎርፍ ዜናዎች፣ ተጎጂዎቹ እንዴት ተሳሉ የሚል የፍሬሚንግ (የአቀራረብ) ጥናት ሆነ።

በይዘት ትንተና ብቻህን አንብበህ «እንዲህ ነው» ማለት አይበቃም። ሌላ ሰው ያንተን መመሪያ ይዞ የተወሰኑትን ዜናዎች ለብቻው ኮድ ያደርጋል፣ ማለትም በየምድቡ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደተስማማችሁ ይሰላል። ጓደኛዬን ለምኜ አስገባኋት። ይህን ስምምነት የሚለካው የኮኸን ካፓ (ሙሉ ስምምነት 1 ነው) በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ ስለሚያሰላ አያዝንልህም። 0.52 ወጣ። ክው አልኩ።

ያጣላን እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እናትየው ልጆቿን ጣራ ላይ አውጥታ እርዳታ ስትጠብቅ አደረች።» እኔ «አቅመ ቢስ» ብዬ ሞልቻለሁ፣ እሷ «ራሷን የምታድን»። «ልጆቹን ጣራ ላይ ማን አወጣቸውና?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። መመሪያው ላይ አንድ ሕግ ጨመርን፦ ተጎጂው ራሱ ያደረገው ነገር ከተጠቀሰ፣ እርዳታ ቢጠብቅም «አቅመ ቢስ» አይባልም። ከዚያ ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ። አዲሱ ካፓ 0.83 ሆነ። ጓደኛዬ የድሮውን ቁጥር አጥፋው ብላኝ ነበር፤ እልህ ይሁን ስንፍና እንጃ፣ ተውኩት።

የዓመቱ ምርጥ ሥራ ሽልማት ለአንድ ዘጋቢ ፊልም ተሰጠ። ቅር አላለኝም፣ ድምፁ ብቻ እንኳ ያሸልመዋል። ግን ፊልምና የጽሑፍ ጥናት በአንድ ውድድር መግባታቸው እስካሁን አይዋጥልኝም፤ ለሠንጠረዥ ማን ተነስቶ ያጨበጭባል? ቢያንስ ፊልም ሠሪው ለምን እንዲህ እንደቆረጠ፣ ማንን እንዳስቀረ የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮ ቢያቀርብ ለመመዘንም ይቀል ነበር።

ዲፌንሱ ላይ፣ ጥናቴን ፈታኞች ፊት ስከላከል ግን አንዱ ፈታኝ ቲዎሪውን ዘለሉት፣ ግኝቱንም ዘለሉት፣ መመሪያው ላይ ቆሙ። «ይቺን ሕግ መቼ ነው የጨመርካት?»

«0.52 ካገኘን በኋላ» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ገጹን እንደገና ከላይ ማንበብ ጀመሩ።