መቀስ ይዘው ፓርክ የሚመጡት እናት

ጠዋት ጠዋት ወደ ስራ ስሄድ በፓርኩ ነው የማቋርጠው፣ እና እዛ ሁሌ አግዳሚ ወንበር ላይ የማያቸው አንድ እናት አሉ፣ እድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። መንገደኛው እርግብ የሚቀልቡ ነው የሚመስለው፣ እህል በተን ያደርጋሉ፣ እርግቦቹ ግር ብለው ይመጣሉ፣ አለቀ። ቆም ብሎ ላያቸው ግን እህሉ ማባበያ ነው።

ሴትዮዋ የሚያዩት እግር ነው። ከዛ ሁሉ መንጋ ውስጥ ጣቷ ላይ ክር ወይም ጸጉር የተጠመጠመባትን ይፈልጋሉ፣ ካገኙ እህሉን ወደራሳቸው እያቀረቡ እያቀረቡ እያቀረቡ ይጠሯትና ከነክንፏ በሁለት እጃቸው ጥብቅ! ወዲያው ጭንቅላቷን በትንሽ ፎጣ ሸፈን ሲያደርጉት ጨለማ ሲሆንባት መፍጨርጨሯን ትተዋለች። ከዛ መነጽር ይደረጋል፣ ወረንጦ ይወጣል፣ ትንሽዬ መቀስ ትወጣለች። አንዳንዱ ቶሎ ይፈታል፣ አንዳንዱ ግን ክሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ስጋው አብጦበታል፣ እሱን ሲያወጡ ስራ እንደሚረፍድብኝ እያወኩ እንኳን መሄድ አቅቶኝ ነው ቆሜ የማየው።

ነገሩ እንዴት ነው መሰላችሁ፣ እርግብ ምግቧን መሬት ለመሬት እየሄደች ነው የምትለቅመው፣ የኛ ቆሻሻ ደግሞ ያለው እዛው ነው። ክሩ ይተበተብባታል፣ እየቆየ ይጠብቃል፣ ደም አያሳልፍም፣ ጣቷ ይጠቁርና ይቆረጣል። ፓሪስ ላይ የተሰራ፣ በ2019 (እ.ኤ.አ) የወጣ ጥናት አለ፣ ጸጉር ቤት በበዛበት አካባቢ ጣታቸው የጎደለ እርግቦችም ይበዛሉ ይላል። ጸጉር ቤት! ማን ያስበዋል።

እኔን ግራ የገባኝ እርግቦቹ ለምን እንደማይሸሿቸው ነው። እርግብ የሰው ፊት ትለያለች እኮ፣ እዛው ፓሪስ ለሙከራ ሁለት ሰዎች ጋወን ለብሰው አንዱ እያባረራቸው አንዱ ሳይነካቸው ቆይተው ጋወን ሲቀያየሩ እንኳን እርግቦቹ አባራሪውን ነው የሸሹት። ስለዚህ እኚህንም ያውቋቸዋል፣ እኚህ ናቸው አፍሰው የሚይዙን እያሉ ነው የሚመጡት። ምናልባት ሂሳቡን ሰርተው እህሉ ይበልጣል ብለው ይሆናል።

ሰው ደግሞ አያርፍም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፊታቸው ድረስ ተጠግቶ ይቀርጻል፣ ሳያስፈቅድ፣ ሌላው ደግሞ "ስራ ፈት" ብሎ ያልፋል፣ "ሰው እያለ ለእርግብ" የሚልም አለ (ይሄን የሚለው ሰውዬ ሰው ሲረዳ አይቼው አላውቅም፣ በየቀኑ ነው የማየው ደግሞ)። ታዋቂው የኤሌክትሪክ ፈጠራ ሰው ኒኮላ ቴስላ ኒውዮርክ ውስጥ እርግብ ይቀልብ ነበር፣ የታመሙትን ሆቴል ክፍሉ ድረስ እየወሰደ ያስታምም ነበር፣ እሱንም ስራ ፈት በሉት እንግዲህ።

አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ቀና ሳይሉ "ልጄ እግርህን ሰብስብልኝ፣ ከኋላህ ናት" አሉኝ። "እሺ እማማ" ብዬ እንደ ግንድ ቀጥ አልኩ። ያዟት። ከዛ ጭራሽ ከነፎጣው "ያዝልኝ፣ አትጨምቃት ብቻ" ብለው እጄ ላይ አስቀመጧትና ስራቸውን ቀጠሉ። ልቧ ነው የኔ ልብ የሚመታው ለማወቅ እስኪያቅተኝ ድረስ ነው የፈራሁት፣ የማይሆን ነገር አድርጌ ክንፏን ብሰብርስ ምናምን። እሳቸው ግን እየቆረጡ ክሩን አንድ በአንድ ኪሳቸው ይከታሉ፣ እዚሁ አጠገባቸው ቆሻሻ መጣያ እያለ ማለት ነው። ለምን አይጥሉትም ብዬ ስጠይቃቸው እየተበሳጩ "ከሱ ነፋስ ያወጣዋል፣ ቤት ወስጄ አቃጥለዋለሁ፣ አሁን ቀጥ በል አልጨረስኩም፣ ያኛው እግሯ ይቀራል" አሉኝ።