ሙጫው እስኪደርቅ

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ጋራዥ ውስጥ ስለምሠራት፣ ከመኪና ኋላ ስለምትጎተተው ትንሽ የመኝታ ተጎታች ፍሬቻ ነበር።

የግራው ፍሬቻ አልበራም ካለኝ ሦስት ቀኑ። ቀኙ ይሠራል። የታርጋው መብራት ይሠራል። ግራው ግን ሲያሰኘው ብልጭ ይላል፣ ሳያሰኘው ያኮርፋል። ሽቦዎቹ እኮ አራት ብቻ ናቸው። ቢጫው ለግራ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣ ቡናማው ለኋላ መብራት፣ ነጩ ደግሞ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ነጩን እይ" ይለኛል። የታክሲው ጓደኛዬ ምንም ሳያይ፣ ተሳፋሪ ጭኖ እየነዳ፣ በስልክ "ነጩ ነው ባክህ" ብሎ ዘጋው። ነጩን ሦስቴ ፈትቼ ሦስቴ አሰርኩት።

እሱን ልጽፍ ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። አላመመኝም። ከማንም አልተጣላሁም። ዛሬ ፈረቃዬ አይደለም። እሷ፣ ባለቤቴ፣ ሥራ ገባች፤ ትንሿ ልጃችን ትምህርት ቤት ሄደች። ውጪ ያ በረዶም ዝናብም መሆን ያቃተው የሚኒሶታ ሚያዝያ ይንጠባጠባል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ሙጫ ሲደርቅ አያለሁ።

ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። ሻንሲዋን በካርቶን ተፈታታ የገዛኋት ጥቅምት ላይ ነው። ስፋቷ 4 ጫማ፣ ርዝመቷ 8። ወለሏ ኮምፔንሳቶ ነው። ግድግዳዋና ጣሪያዋ ግን እንጨት አይደለም። ለቤት ብርድ መከላከያ የሚሸጠው ጠንካራ ፎም ነው፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ። ፎሙ ላይ ሸራ ይለበጣል፣ ሸራው ላይ በውሃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ ይቀባል። ሲደርቅ እየተወጠረ መጥቶ እንደ ከበሮ ይሆናል። ከዚያ የቤት ግድግዳ ቀለም ነው፣ በቃ። የሚሠሩት ሰዎች የድሃ ፋይበርግላስ ይሉታል። ኮላው ብርድ ላይ አይዝም፤ ለዚህ ነው የበረዶውን ወራት በሙሉ ስፈልጥና ስቆርጥ ቆይቼ ልባሱን አሁን የጀመርኩት።

ቅርጿ ከፊት ክብ፣ ከኋላ ሾጠጥ ያለ ነው። አሜሪካኖች የእንባ ጠብታ ይሏታል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየጓሯቸው ሲሠሯት ኖረዋል። ለመዝናናት ሄዶ እንባ ውስጥ መተኛት! ትንሿ ግን እንቁላል ብላታለች፤ እኔም ወደ እሷ አደላለሁ።

እማዬ ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ አይታ ደወለች።

"ልጄ፣ ቤቱን ምን አደረጋችሁት?"

"አለ እማዬ፣ ምን ይሆናል።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? የውሻ ነው?"

ጫካ ሄደን የምንተኛባት ናት፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ሁለት ጀልባ እንጭናለን አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ "ለአንተማ ስእለት አለብኝ" አለችና ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ጀልባዎቹ ሁለት ካያኮች፣ በመቅዘፊያ የሚነዱ ጠባብ ጀልባዎች፣ ናቸው። እያንዳንዳቸው 12 ጫማ፣ ከ20 ኪሎ ትንሽ በላይ። እዚህ ሚኒሶታ ከ10 ጫማ የሚረዝም ጀልባ ሞተር ባይኖረውም ይመዘገባል። ሚኒሶታዎች ታርጋቸው ላይ 10,000 ሐይቅ አለን ብለው ይጽፋሉ። ሲቆጠር 11,842 ነው። ያለውን አሳንሶ የሚናገር ሕዝብ ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ክብደቱ። ይሄን የማያውቅ ሰው ተጎታች ባይሠራ ይሻለዋል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተጎታቿ ፈጣን መንገድ ላይ ጭራዋን መቁላት ትጀምራለች፣ ሲብስ መኪናውንም ይዛው ትሄዳለች። የእኔዋ ከነጭነቷ ወደ 400 ኪሎ ትጠጋለች። ስለዚህ አፍንጫዋ ላይ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ያስፈልጋል። የእሷን የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ሰርቄ አፍንጫዋን አሳረፍኩበት። 27። ደነገጥኩ። ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ የወጥ ቤቱ ነው። ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው፤ ምድጃው እዚያ፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እዚያ፣ ረከቦቱና ሙቀጫው እዚያ። ጀሪካኑን ወደ ፊት አዛወርኩት። 46 ሆነ። ሚዛኑን ግራሶ አስነክቼ ስለመለስኩት ግን እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ሌላም አለ። የወጥ ቤቱ ክዳን ከኋላ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። መደርደሪያውን በጀበናዋ ቁመት ለክቼ፣ ማጠፊያውን ገጥሜ፣ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ ስንት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ባለፈው እሁድ ካያኮቹን ለሙከራ ጣሪያዋ ላይ ጫንኳቸው። ተጎታቿ 8 ጫማ፣ ካያኮቹ 12። ወደ ኋላ ተርፈው ክዳኑን ተጫኑት። የሚከፈተው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ወደ ፊት ልግፋቸው ስል ደግሞ መኪናው ሲጠመዝዝ አፍንጫቸው የኋላ መስታወቱን ይመታል። ያለው ምርጫ ተሸካሚውን ብረት ከፍ ማድረግ ነው። እስከዚያው ጀልባዎቹ ሐይቅ ካልገቡ ቡና የለም። እሷ ይሄን ስትሰማ የሳቀችው ሳቅ! የሠርጋችን ቀን እንኳን እንዲያ አልሳቀችም።

ብቻ። ሙጫው እየደረቀ ነው ብያለሁ።

ብሩሽ የማጥብበት ሌላ ባልዲ ከጎኔ አለ። አንድ የፎም ቁራጭ ከጠረጴዛው ወድቃ እሱ ውስጥ ገባች። በጣቴ ወደ ታች ጫንኳት። ለቀቅኳት፣ ብድግ አለች። ደግሜ ጫንኳት። ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል። አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው ላይ እጄ አወቀው። ይሄን ጨዋታ ከዚህ በፊት ተጫውቼዋለሁ።

ደንገል ነው፣ ጣና ዳር የሚበቅለው ተክል። ባሕር ዳር ልጅ ሆነን የደንገል ግንድ እንልጥ ነበር። ውስጡ ነጭ ነው፣ ስፖንጅ ነገር፣ አየር የሞላበት። ቆርሰን ውሃ ውስጥ እንደፍቀዋለን፣ ብድግ ይላል። ማን የማንን ይዞ ይቆያል የሚል ውድድር ነበረን።

ቀና ብዬ የጋራዡ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉትን ካያኮች አየኋቸው። ካያክ የሚንሳፈፈው ባዶ ስለሆነ ነው። ልጣጭ ብቻ ነው። ውሃ ከገባው ጉዱ ፈላ። የጣናው የደንገል ታንኳ ግን ባዶ አይደለም። እስር ነው፣ ሙሉ ነው፣ ውሃው በመሀሉ ይወጣል ይገባል፣ እሱ ግን አይሰጥምም። ዕዳው ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ይጠጣል። ለዚህ ነው ከሐይቅ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው ውሃውን የሚያንጠፈጥፉት። ያም ሆኖ ጥቂት ወራት ነው ዕድሜው። ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይታጨዳል።

እና እኔ ስድስት ወር ሙሉ ምን ስሠራ ኖሬያለሁ? አየር የሞላበት ነገር ቆርጬ፣ አስሬ፣ ሙጫ ቀብቼ። ኧረ ይሄ ሰውዬ ታንኳ ነው የሠራው! ያውም ጎማ ያለው። ያውም ውሃ እንዳይነካው ሦስት እጅ ቀለም የሚቀባ ታንኳ።

በ1969 ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ ከጣና ደንገል አስጭኖ ግብፅ ወስዶ ነበር። ፒራሚዶቹ አጠገብ ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠራ፣ አትላንቲክን ሊሻገርባት። ደንገሉ የጣና፣ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነስታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ካሪቢያን ሳትደርስ ተበታተነች። በዓመቱ የቦሊቪያ ሰዎች፣ የቲቲካካ ሐይቅ ዳር ነዋሪዎች፣ ሁለተኛ ሠሩለት። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ተናድጄ ነበር። የእኛዎቹን ቢጠይቅ ምን ነበረበት ብዬ። አሁን ሳስበው የእኛ ታንኳ ውቅያኖስ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሥራው ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት ማድረስ ነው። ቢሆንም መጠየቁ አይከፋም ነበር።

ማንን ይጠይቅ ነበር?

ሰፈራችን የሚመጣው ታንኳ ሠሪ ትዝ አለኝ። ሆዴን ባር ባር ያለው እሱ ነው መሰለኝ፣ ከጠዋቱ፣ ሳላውቀው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማያወራ ሰው። ደንገሉን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ከዚያ እየጠቀለለ፣ በእግሩ ተደግፎ ገመዱን ሲስበው ደንገሉ ሲጥ ሲጥ ይላል። አጠገቡ ተቀምጬ ስንት ቀን ዋልኩ። ምንም ሳይለኝ። አንድ ቀን ከትርፍራፊው ክንድ የምታህል ታንኳ ሠርቶ ሰጠኝ። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ስንት ወር ቀዘፍኳት። እውነተኛው ታንኳ ላይ አልወጣሁም፤ እማዬ ከለከለችኝ። ዋናም ከለከለችኝ። ለዚህ ነው ጣና ዳር አድጌ ዋና የማልችለው። አዎ፣ ሁለት ካያክ ያለኝ ሰው ዋና አልችልም። ላይፍ ጃኬት አለኝ። ትንሿ ግን ዋና ክፍሏ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደርሳለች፣ ከሰጠምኩ ታወጣኛለች።

ሰውዬው ነገደ ወይጦ ነበር፣ ጣና ዳር ከሚኖሩት ታንኳ ሠሪዎች ወገን። ስለ እነሱ ምን ይባል እንደነበር የባሕር ዳር ልጅ ያውቀዋል፣ አልደግመውም። ቤታችን መጥቶ ውሃ ሲጠይቅ የሚሰጠው በአንድ ጣሳ ነበር። ጣሳው ለብቻው ነው። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ማንም ሌላ አይጠጣበትም። እማዬ ክፉ ሰው አይደለችም። ውሃውን ቀዝቃዛውን ነበር የምትቀዳለት፣ ከእንስራው። ግን በጣሳው። እኔም ያን ጣሳ አቀብያለሁ። የሠራልኝን ታንኳ በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እጄ ጣሳውን ያቀበልኩበት ቀን ይኖራል። ሳይኖር አይቀርም።

ባለፈው ዓመት ከታክሲው ጓደኛዬ ጋር በተዋስነው ጀልባ ወጥተን ስንመለስ አንዲት ልጅ አስቆመችን። ከሐይቅ ስትወጡ ጀልባችሁና ተጎታቹ ላይ አንዲት ቅጠል እንኳን መኖር የለባትም፣ ወደ ሌላው ሐይቅ ትሄዳለች አለችን። ጎማው ሥር የተጠመጠመውን ሣር በእጃችን ለቀምን። ጓደኛዬ አጉረመረመ። እኔ ግን እምቦጭን አሰብኩ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ የታየው ያ ወይን ጠጅ አበባ፣ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው። እምቦጭ በበዛበት ዳር ታንኳ አያልፍም ይላሉ። ያ ሰውዬ በሕይወት ካለ አሁን በምን ይሄዳል? ልጆቹስ? ልጆች ነበሩት? አላውቅም። አልጠየቅኩም።

እዚህ ስጽፍ የማንንም ስም አልጠራም፣ ታውቃላችሁ። እሷ፣ ትንሿ፣ የታክሲው። ስማቸውን ስለማውቀው ነው የምደብቀው። የእሱን ግን አልደበቅኩትም። አላውቀውም። ያን ሁሉ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ "ማን ይባላሉ?" አላልኩም። እናንተም ብዬው አላውቅም መሰለኝ፣ አንተ ነበር የምንለው። ሽማግሌ ነበር እኮ።

ትንሿ ተጎታቿ ጎን ላይ ስም እንጻፍ ካለች ሰንብታለች። ቀለሙን ሁሉ መርጣለች፣ ብርቱካናማ። እኔ ቆይ እላታለሁ።

እማዬ ታውቀው ይሆናል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከነአያቱ የምታውቅ ሴት ናት። ግን ስሙን ብጠይቃት ጣሳውን የጠየቅኳት እንዳይመስላት ፈራሁ። ወይስ ጣሳውን ነው መጠየቅ የፈለግኩት? አሁን እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ተኝታለች። ሲነጋ እደውል ይሆናል። ወይ ደውዬ ስለ ጤፍ አወራ ይሆናል።

እሷ ከሥራ ገባች። ጋራዡን ከፍታ አየችኝ፣ ባልዲው ላይ፣ ጠዋት በተወችኝ ቦታ።

"ፍሬቻውን ሠራኸው?"

"ሙጫው እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው" አልኳት።

ሙጫው ከደረቀ ቆይቷል። ፍሬቻውን ግን ረሳሁት። ነጩ ነው ይሉኛል፣ እኔ እንጃ።