በአርባዎቹ ዕድሜ ወደ ደብተር፦ የጤና ሳይንስን በርቀት እንዴት ተማርኩ

ለንደን ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። የደም ግፊት እለካለሁ፣ የጠጡትንና የሸኑትን እመዘግባለሁ፣ ነርሷ መድኃኒት ስታድል አጠገቧ እቆማለሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ለምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር። እግራቸው ላበጠ ሰዎች ለምን የሚያሸና መድኃኒት ይሰጣል? ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ለምን የኩላሊት ምርመራ ይደረግለታል? በአርባ አራት ዓመቴ ወደ ትምህርት የመለሱኝ እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

የተመዘገብኩት ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ፣ ከመነሻው ለሥራ ሰዎች ታስቦ የተሠራ የርቀት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የመግቢያ ውጤት አይጠይቅም። ድሮ በማትሪክ ምን እንዳመጣሁ የጠየቀኝ ሰው የለም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

እንደተመዘገብኩ ሁሉም ሰው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ነርስ ልትሆኚ ነው?» አይደለም። ይህን ሳያጣሩ የሚመዘገቡ ስላሉ ግልጽ ላድርገው። የጤና ሳይንስ ዲግሪ የነርስነት ፈቃድ አያሰጥም። እዚህ አገር ነርስ ሆኖ ለመመዝገብ በነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የጸደቀ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ በዚያ ውስጥ 2,300 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለ። የጤና ሳይንስ የሚያስተምረው ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ፣ በሽታ እንዴት እንደሚያበላሸውና ይህን በምን እንደምናውቅ ነው። እኔ የፈለግኩት እሱን ነበር።

ሙሉ ዲግሪው 360 ክሬዲት ነው። በዓመት 60 ከወሰዱ ስድስት ዓመት ይፈጃል። 60 ክሬዲት በሳምንት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ጥናት ይጠይቃል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሙሉ ቀን እየሠሩ በዓመት 120 ለመውሰድ ለሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች ምክሬ፣ አይሞክሩት። ስድስት ዓመት ረጅም ይመስላል። ዓመቶቹ ግን ተማሩም አልተማሩም ያልፋሉ።

ጊዜውን ያገኘሁት ከእንቅልፍ ሳይሆን ከማኅበራዊ ኑሮ ነው። ሰርግና ክርስትና ቀነስኩ። ለቅሶ ግን አልቀረሁም፤ ሰው በሐዘኑ ቀን «አሳይመንት አለብኝ» አይባልም። ብዙዎቹ ሞጁሎች በጥቅምት አካባቢ ጀምረው በሰኔ አካባቢ ስለሚያልቁ፣ የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ሁልጊዜ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ዋናውን ንባብ በሁዳዴ መጨረስ ለመድኩ። በጾሙ ወቅት ጥሪም ድግስም የለም፤ ቤቱ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ዕድሜ ቃል በቃል መሸምደድ አይሆንም። እኔን ያስተማረኝ ማስረዳት ነው። አንድ ምዕራፍ ስጨርስ አዲስ አበባ ለምትኖር እናቴ እደውልና በአማርኛ አስረዳታለሁ። ማስረዳት ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፤ ተመልሼ አነባለሁ። እናቴ የደም ግፊት ስላለባት ራሷም ማወቅ ትፈልጋለች። ስለ ኩላሊት የነገርኳት ቀን አይረሳኝም።

«እማዬ፣ ኩላሊትሽ በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል።»

ትንሽ ዝም አለች። «ዘጠኝ ጀሪካን? ታዲያ ያ ሁሉ የት ይሄዳል? እኔ ይህን ሁሉ አልሸና!»

ጥያቄዋ የምዕራፉ እምብርት ነበር። ከተጣራው 99 ፐርሰንት ያህሉ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ብቻ ነው። ኩላሊት ሥራውን የሚሠራው በመመለሱ ላይ ነው፦ ምን ይያዝ፣ ምን ይውጣ። የሚያሸኑት መድኃኒቶችም እዚያው ላይ ይገባሉ፤ ጨው እንዳይመለስ ያግዳሉ፣ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ይህ ሲገባኝ፣ ሌሊት ሌሊት የምሞላው የሽንት መመዝገቢያ ወረቀት ሌላ ነገር ሆነ። የሰው ልብ ሲደክም ሰውነቱ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ እግሩ ያብጣል። አንድ የልብ ድካም ያለባቸው አባት በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ሲጨምሩ፣ ድሮ ቢሆን «በሉ፣ ተስማማቸው» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ውሃ ሊሆን እንደሚችል ስለማውቅ ያኔውኑ ለነርሷ ነገርኳት፤ ሐኪም አይቷቸው መድኃኒታቸው ተስተካከለ።

ሌላው የለወጠኝ «በምን አወቅን?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኛ ያደግነው አስተማሪ ያለውን ተቀብለን ነው። እዚህ አሳይመንት ላይ የሚፈለገው ያነበብኩትን መድገም ሳይሆን፣ ማስረጃው ምን ያህል እንደሚያስተማምን መመዘን ነው። በሕዝብ ጤና ትምህርት ሁሉ የሚነሳው ጆን ስኖው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራን ለንደን ሶሆ ውስጥ ካለ አንድ የውሃ ቧንቧ ጋር ያያያዘው ሐኪም። እኔ ግን ነገሩ በደንብ የገባኝ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን ከጎኑ ሳስቀምጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አየ፣ ጠረጠረ፣ ከዚያ ደግሞ በሙከራ ፈተነው። እናቴም በእንዶድ ስታጥብ አይቻለሁ። ሳይንስ ከእኛ ወንዝ ዳርም እንደሚጀምር ሳውቅ፣ መጽሐፉን የያዝኩት በሌላ መንፈስ ነው።

ከስታቲስቲክስ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። «አደጋውን በ50 ፐርሰንት ይቀንሳል» የሚል ዜና በዋትሳፕ ሲመጣ፣ ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ከሺህ ሰው ሁለቱን ይይዝ የነበረው አንዱን ብቻ ቢይዝም 50 ፐርሰንት ቀነሰ ይባላል። መድኃኒት ለመጀመር ወይም ለማቆም ለሚያስብ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

በሦስተኛው ዓመት እናቴ ታማ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከመብረሬ በፊት ለቲውተሬ ጻፍኩላትና ለአሳይመንቱ ተጨማሪ ጊዜ ሰጠችኝ። ቀድሞ መንገር ነው ቁም ነገሩ፤ ለመካከለኛዎቹ አሳይመንቶች ጊዜ ይራዘማል፣ ለሞጁሉ መዝጊያ ሥራ ግን በአብዛኛው አይራዘምም። መጻሕፍቱን ሁሉ ስልኬ ላይ አውርጄ ስለሄድኩ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አልተቸገርኩም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አነበብኩ። እዚያ ያነበብኩት ስለ ደም ግፊት ነበር፤ ሐኪሙ ሲያነጋግረን ምን እንደምጠይቅ አውቅ ነበር።

ስለ ክፍያ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ፦ እንግሊዝ ውስጥ የመኖሪያ መስፈርቱን የሚያሟላ የትርፍ ጊዜ ተማሪ የመንግሥት የትምህርት ብድር ማግኘት ይችላል። መክፈል የሚጀመረው ደመወዝ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው 9 ፐርሰንት ይቆረጣል። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ግን ብድሩ ላይ ገደብ ሊገጥመው ስለሚችል አስቀድሞ ያጣራ።

ዲግሪውን ጨርሻለሁ። አሁን የሥራ ባልደረባዬ የሆነች እህት ለጥቅምት ተመዝግባለች። እስከዚያ ኦፕንለርን በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ነጻ ትምህርቶች እየተከታተለች ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ይዘን እንቀመጣለን፤ ያነበበችውን በአማርኛ ታስረዳኛለች፣ እኔ እጠይቃታለሁ። ባዮሎጂው ያስፈራታል። እኔ ግን አሁን የማለማምዳት ሌላ ነገር ነው፦ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንትና ግራፍ ማንበብ። እነሱ ከጥቅምት በፊት እጇ ከገቡ፣ ባዮሎጂውን ለማንበብ ጊዜ ይኖራታል።