ቁጥሩ 50 ነው፤ የእኔ ፊት ግን አይቀላም

በኮሎራዶ ግዛት፣ በኦሮራ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ያሳለፍኩት ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እያመላለስኩ፣ መሪ ጨብጬ ነው። ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ከወለድኩ በኋላ የቀኙ ቀስ በቀስ ሲደበዝዝ የግራው ግን ይባስ እየጠቆረ ሄደ። አንዱ የጉበት ነው፣ ሌላው የእንቅልፍ እጦት ነው ይለኝ ነበር፤ የማሽከረክረውን መኪና የጠረጠረ ግን አልነበረም።

የፀሐይ መከላከያ ቅባትን፣ እዚህ ሁላችንም ሰንስክሪን የምንለውን፣ የነጮች ጣጣ አድርጌ ነበር የማየው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ልጅ ፀሐይን ፈርቶ ቅባት ሲቀባ ማየት ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን የጉንጬ ነገር ሲያሳስበኝ ወደ መድኃኒት ቤት ሄጄ፣ ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን ቁጥር፣ 100 የሚለውን፣ አንሥቼ ገዛሁ። በማግሥቱ ለአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ተቀብቼው ሄድኩ። ገና ከበሩ ስገባ አንዲት እናት አገጬን ያዝ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጤፍ ስታስፈጪ ውለሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አሉኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ እውነታቸውን ነበር፤ በቅባቱ ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት በጠይም ቆዳዬ ላይ እንደ አመድ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ቀን በኋላ ቅባቱን የምነካው አልፎ አልፎ፣ ያውም በጣት ጫፍ ሆነ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የደረስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐኪሟ ጉንጮቼን እያፈራረቀች በመብራት ካየች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሥራዬ ምን እንደሆነ ነበር። በአሜሪካ የሹፌር መቀመጫ በግራ በኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለመስኮት ቅርብ የሆነው የግራ ጉንጬ ነው። የመኪና የፊት መስታወት ድርብ ተደርጎ ስለሚሠራ ዩቪኤ የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል፤ የጎን መስኮት ግን ከመኪና መኪና በጣም ይለያያል፣ ብዙ የሚያሳልፍም አለ። ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ፎቶግራፍ አሳየችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው። የፊቱ ቀኝ ጎን የአንድ ሰው፣ ግራው የአባቱ ይመስላል።

ከዚያ ስለ ቁጥሩ ያስረዳችኝን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። በዕቃው ላይ የሚጻፈው፣ ኤስፒኤፍ የሚባለው ቁጥር የሚገኘው በፈቃደኛ ሰዎች ጀርባ ላይ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ቅባት ተቀብቶ፣ ፀሐይን የሚመስል መብራት ከበራበት በኋላ ነው። ቆዳው እስኪቀላ የፈጀው የጨረር መጠን ቅባት ካልነካው ቆዳ ጋር ይነጻጸራል፤ 50 እጥፍ ከሆነ ቁጥሩ 50 ይባላል። በዚህ ስሌት 15 ቁጥር ቆዳ ከሚያቀላው ጨረር 93 በመቶ ያህሉን፣ 30 ቁጥር 97 በመቶውን፣ 50 ቁጥር ደግሞ 98 በመቶውን ይከላከላል፤ እኔ የተኩራራሁበት 100 የጨመረልኝ አንድ በመቶ ብቻ ነው። እርግጥ ቅባት ለሚያሳሳ ሰው ከፍ ያለው ቁጥር መጠነኛ ማካካሻ ይሆናል።

ለእኛ ዋናው ነገር ግን መለኪያው መቅላት መሆኑ ነው። ለሙከራ የሚመረጡትም በቀላሉ የሚቀሉ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ቆዳን በዋናነት የሚያቀላው ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ሲሆን የእኔን ማድያት የሚያጠቁረው ደግሞ ጠልቆ የሚገባው ዩቪኤ፣ ከእሱም ጋር በዓይን የምናየው ብርሃን ራሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን የእኔን ችግር አይነግረኝም። አሜሪካ ውስጥ ዕቃው ላይ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ጽሑፍ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ዩቪቢንም ዩቪኤንም ይከላከላል ማለት ነው። ጃፓንና ኮሪያ የሚሠሩት ፒኤ ከሚል ምልክት ቀጥሎ የመደመር ምልክት ይደረድራሉ፤ ምልክቱ በበዛ ቁጥር ለዩቪኤ ያለው መከላከያ ይጨምራል። በአውሮፓ ደግሞ ዩቪኤ የሚለው ፊደል በክብ ውስጥ ከተጻፈ የዩቪኤው መከላከያ ቢያንስ የዋናውን ቁጥር ሲሶ ያህላል ማለት ነው። በዓይን ለሚታየው ብርሃን የሚረዳው ግን አይረን ኦክሳይድ የሚባል የብረት ማቅለሚያ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የተጨመረበት ቅባት ነው። አመዱ የቀረልኝም በዚሁ ነው።

ልሰናበታት ስነሣ አንዱ ዕቃ ስንት ጊዜ እንደሚቆይልኝ ጠየቀችኝ። ሃምሳ ሚሊ ሊትሩ ስምንት ወር እንደቆየልኝ በኩራት ነገርኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በሁለት ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ነው፤ በየቀኑ በትክክል ብቀባው ኖሮ ከሁለት ወር ባላለፈ ነበር። ሲያንስ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር እኔ ፊት ላይ የለም፤ ውጭ ሲዋል ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ግድ ነው። አያይዛም የእግሬን መዳፍና የጥፍሮቼን ሥር እንዳይ መከረችኝ። ጥቁር ሰው ላይ የሚወጣው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው በዚያ ቦታ ነው፤ ቦብ ማርሌይን እ.ኤ.አ. በ1981 የገደለውም ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት በስልኬ ላይ የዩቪ መጠኑን፣ ማለትም የአልትራቫዮሌት ጨረሩን ብርታት የሚያሳየውን ቁጥር፣ አያለሁ፤ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅባቱም ኮፍያውም አይቀሩም። ለመስኮቱ ብዬ ግን ጉንጬን በየቀኑ እቀባለሁ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ በየ1,000 ሜትሩም ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አዲስ በረዶም እስከ 80 በመቶ ስለሚያንጸባርቅ ክረምቱም እረፍት የለውም።

ይህን ስሰማ ወዲያው የታሰበችኝ እናቴ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፤ የዩቪ መጠኑም የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ከሚጀምርበት ከ11 የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እናቴ ማድያቷን ስታስታምም የኖረችው እዚያ ፀሐይ ላይ በርበሬ እያሰጣች ነው። ቀለም ያለውን ሁለት ዕቃ ገዝቼ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ላክሁላት፤ የሁለት ጣቱንም ልክ በቪዲዮ አሳየኋት። ከአራት ወር በኋላ ደውዬ እንዳላት ስጠይቃት፣ «አንዱን ገና አልከፈትኩትም ልጄ፤ እንዳያልቅብኝ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነው የምቀባው» አለችኝ።